ብሉ ስክሪን እየተመላለሰ ሲያስቸግር፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ዴስክቶፓችሁ በየሁለት ቀኑ ብሉ ስክሪን እያሳየ ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ፎርማት አድርገውና ይለይለት" የሚል ነው። አትቸኩሉ። ፎርማት የሚጠቅመው ችግሩ ዊንዶውሱ ወይም የሆነ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር) ጋ ከሆነ ብቻ ነው። ራሙ ተበላሽቶ ከሆነ ወይም ኤስኤስዲው እየደከመ ከሆነ፣ ሙሉ ቀን ፕሮግራም ስትጭኑ ትውሉና ማታ ላይ ያው ስክሪን ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆነው። የሚብሰው ደግሞ ፎርማቱ ማስረጃውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል።

የሚመላለስ ብሉ ስክሪን ምክንያት አለው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ትዕግሥትና አንድ ሕግ ብቻ ይበቃችኋል፦ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙንም፣ ድራይቨሩንም፣ ባዮሱንም (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) ባንድ ላይ ከነካካችሁ፣ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ስክሪኑ ምን እያለ ነው?

አንድ ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ ራሱ ብቻ ይዘጋል። ድራይቨር ግን የሚሠራው ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ስህተት ሲፈጠር ዊንዶውስ ዝም ብሎ ቢቀጥል ፋይላችሁን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ሆን ብሎ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ብሉ ስክሪን ማለት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተሳሳተ አፕዴት ልኮ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ብሉ ስክሪን ላይ ቆመው ቀሩ። ከነዚያ ኮምፒውተሮች ዕቃ የተበላሸበት አልነበረም። ከርነል ውስጥ የሚሠራ አንድ ሶፍትዌር ያልጠበቀውን ፋይል አነበበ፣ በቃ።

ቀለሙ አያሳስታችሁ። ከ2025 ወዲህ ዊንዶውስ 11 ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፣ ያዘነው ፊትም ቀርቷል። ነገሩ ግን ያው ነው። ከታች ያለውን ስቶፕ ኮድ፣ ማለትም የስህተቱን ስም፣ ፈልጉ። በነገራችን ላይ ብሉ ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥር ካያችሁ የውሸት ነው። እውነተኛው ብሉ ስክሪን ደውሉልኝ አይልም። ብራውዘር ላይ የተከፈተ የአጭበርባሪ ገጽ ነውና ዝጉት፣ እንዳትደውሉ።

ከመነካካት በፊት

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የምትፈልጉትን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ አድርጉ። ችግሩ ዲስኩ ከሆነ ነገ ላይነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዊንዶውሳችሁ ቢትሎከር ወይም ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፍ) በርቶበት እንደሆነ አረጋግጡ። በርቶ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ አግኙትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዮስ ስታድሱ ወይም ሪከቨሪ ውስጥ ስትገቡ ይሄን 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ዳታችሁ የለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ማስረጃ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ስታርት ላይ "አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ" ብላችሁ ፈልጉ (እንዲህ ያሉ ስሞችን ሁሉ የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)። ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ከሚለው ስር ሴቲንግስ የሚለውን ክፈቱ። "ኦቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ ስክሪኑ ኮዱን አሳይቶ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ በስልካችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ። እዚያው "ስሞል ሜሞሪ ደምፕ" የሚለውን ምረጡ። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ብልሽት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባለው ፎልደር የብልሽቱን መረጃ የያዘ ትንሽ ፋይል (ደምፕ) ይቀመጣል። ፔጅ ፋይሉን (ዊንዶውስ ዲስክ ላይ እንደ ራም የሚጠቀምበትን ፋይል) አጥፍታችሁት ከነበረ መልሱት፤ ያለ እሱ ደምፑ አይጻፍም።

አሁን አንድ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ኮድ፣ በዚያ ሰዓት ምን ትሠሩ እንደነበር። ጌም ላይ ነበራችሁ? ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር? ከስሊፕ ሲነቃ ነው? ሦስት አራት ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ትልቁን ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ፦ ኮዱ ሁሌ አንድ ነው ወይስ ይለያያል?

የእኔ መነሻ ሁሌም ይሄ ጥያቄ ነው። ኮዱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የሚጠቀሰውም ፋይል አንድ ከሆነ፣ ድራይቨር ጠርጥሩ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሦስተኛ ኮድ ከሆነ፣ በተለይም ብራውዘሩም ሌላ ፕሮግራምም ያለ ምክንያት እየተዘጋ ከሆነ፣ ሃርድዌር ጠርጥሩ፤ ከሃርድዌርም መጀመሪያ ራም። የተበላሸ ራም የሚመታው በዚያ ሰዓት እዚያ አድራሻ ላይ የተቀመጠውን ነገር ነው፣ ስለዚህ በየጊዜው ሌላ ነገር ጥፋተኛ ይመስላል። ይሄ መቶ በመቶ የሚሠራ ደንብ አይደለም፤ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ስታርት ላይ "ሪላያቢሊቲ" ብላችሁ ፈልጉ፣ "ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ" የሚል ይመጣል። ሲከፈት ቀኖቹ በተርታ ይደረደራሉ፤ ብልሽት ያለበት ቀን ቀይ ኤክስ አለው፣ የተጫነ ፕሮግራም ወይም አፕዴት ደግሞ በሰማያዊ ምልክት ይታያል። ወደ ኋላ ሂዱና የመጀመሪያውን ቀይ ኤክስ አግኙ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወይም በዚያው ቀን ምን ተጫነ? አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር ካያችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ኮዶቹን ማንበብ

"ሜሞሪ ማኔጅመንት" እና "ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ" ብዙ ጊዜ ወደ ራም ይጠቁማሉ፣ ድራይቨርም ሊያመጣቸው ይችላል። "አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኩዋል" በዋናነት የድራይቨር ነው፣ እሱም ራም ሊሆን ይችላል። "ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር" ግልጽ ነው፦ ግራፊክስ ካርዱ በተሰጠው ጊዜ መልስ አልሰጠም፣ ዊንዶውስ ሊያስነሳው ሞክሮም አልተሳካም። "ዲፒሲ ዋችዶግ ቫዮሌሽን" ከሆነ የስቶሬጅ ድራይቨሩንና የኤስኤስዲውን ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ያለውን የራሱን ሶፍትዌር) ቀድማችሁ እዩ። "ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ" ከተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎች ወይም ከዲስክ ጋር ይያያዛል። "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" ማለት ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ አልተነበበም ማለት ነው፤ ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞድ (ዲስኩ የሚገናኝበት አሠራር) ከተቀየረም ይመጣል። "ዊያ አንኮሬክታብል ኤረር" ደግሞ ከሁሉም በላይ የሃርድዌር ኮድ ነው፤ ስህተቱን ያሳወቀው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። እሱን ካያችሁ ኦቨርክሎክ (ከተመደበው ፍጥነት በላይ ማሠራት) ወይም አንደርቮልት (ቮልቴጅ መቀነስ) ካለ መጀመሪያ ያንን አጥፉ።

ደምፑን ለማንበብ ዊንዲቢጂ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ስቶር በነፃ አውርዱ። እንደ አድሚን ክፈቱት፣ ደምፑን ስጡት፣ ከሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ "አናላይዝ" የሚለውን ሰማያዊ ሊንክ ተጫኑ። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ "ኢሜጅ ኔም" ከሚለው መስመር አጠገብ የአንድ ፋይል ስም ታያላችሁ። ቀለል ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ብሉስክሪንቪው አለ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ኤንቲኦኤስከርነል" የሚል ፋይል ይወጣና "የዊንዶውሱ ከርነል ነው የተበላሸው" ብለው ፎርማት ያደርጋሉ። ያ ፋይል ስህተቱ የተያዘበት ቦታ ነው እንጂ የግድ ስህተቱን የፈጠረው አይደለም። ስሙ ሁሌ እሱ ብቻ ከሆነና ኮዱም የሚቀያየር ከሆነ ወደ ራም ምርመራ ሂዱ። የማይክሮሶፍት ያልሆነ ስም ከወጣ ግን፣ ለምሳሌ በኤንቪ የሚጀምር የኤንቪዲያ፣ ወይም የኔትወርክ ካርድ፣ ወይም የአንቲቫይረስ ፋይል፣ እና በሁለት ሦስት ደምፕ ላይ ከተደጋገመ፣ ጠርጣሪ ሳይሆን ያዥ ሆናችኋል።

ጥፋቱ ድራይቨር ከሆነ

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ዕቃው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ "ሮል ባክ"። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ ይሄ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለግራፊክስ ካርድ ግን ጠበቅ ያለ መንገድ ይሻላል፦ ዲዲዩ የሚባለውን ማጽጃ አውርዱ፣ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ ከመሠረታዊ ድራይቨሮች ጋር ብቻ የሚነሳበት) ግቡ፣ ድራይቨሩን ከነሥሩ አጥፉ፣ ከዚያ ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን ጫኑ። የግድ የመጨረሻው ቨርዥን መሆን የለበትም፤ ያልተቸገራችሁበትን የድሮውን መጫንም መፍትሔ ነው። ሴፍ ሞድ ለመግባት ሺፍት ይዛችሁ ሪስታርት ተጫኑ፣ ከዚያ ትረብልሹት፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ። ዊንዶውሱ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ፣ ሲነሳ ፓወር በተኑን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አቋርጡት፤ ሪከቨሪው ራሱ ይመጣል።

"ድራይቨር አዘምናለሁ" የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጠቀሙ። ከማዘርቦርዱና ከካርዱ አምራች በቀጥታ አውርዱ። ከጀርባ ድራይቨር የሚጭኑ ነገሮችንም አስታውሱ፦ የሌላ ኩባንያ አንቲቫይረስ፣ ቪፒኤን፣ የጌም ፀረ-ማጭበርበሪያ፣ የፋን መቆጣጠሪያ፣ የኬዝ መብራት ቀለም መቀየሪያ። የመብራቱ ሶፍትዌር ብሉ ስክሪን ያመጣል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው፣ ግን ያመጣል። አንድ በአንድ እያራገፋችሁ እዩ።

ጠርጥራችሁ ማረጋገጥ ካቃታችሁ ድራይቨር ቬሪፋየር አለ። ስታርት ላይ "ቬሪፋየር" ብላችሁ ክፈቱት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የማይክሮሶፍት ያልሆኑትን ብቻ ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ። ድራይቨሮቹን ሆን ብሎ ያስጨንቃቸዋል፤ ደካማው ቶሎ ይወድቅና ስሙ ደምፑ ላይ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ይሆናል፣ ጭራሽ አልነሳም ሊልም ይችላል። ያኔ ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ቬሪፋየሩን ክፈቱና "ዲሊት ኤግዚስቲንግ ሴቲንግስ" በሉት። ይሄን መውጫ ሳታውቁ አትጀምሩት፣ ሪስቶር ፖይንትም (ዊንዶውሱን ወደ ነበረበት የምትመልሱበት ነጥብ) ቀድማችሁ ፍጠሩ።

የዊንዶውስ ፋይሎች ተበላሽተው እንደሆነ ለማየት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) እንደ አድሚን ክፈቱና መጀመሪያ የዲአይኤስኤምን "ሪስቶርኸልዝ"፣ ቀጥሎ የኤስኤፍሲን "ስካንናው" አስኪዱ። እውነቱን ለመናገር የሚመላለስ ብሉ ስክሪንን እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን የሚያድኑት አልፎ አልፎ ነው፤ ግን ጉዳት የላቸውም።

ራሙን በእጅ መፈተሽ

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ፣ ምክንያቱም ብዙ ድካም የሚያስቀረው ይሄ ነው።

ራም ሲገዛ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ በሚባል ፕሮፋይል የሚመጣ ነው። ያ በተግባር ኦቨርክሎክ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮፋይሉን አጥፉና ኮምፒውተሩን ለጥቂት ቀን እንደ ወትሮው ተጠቀሙበት። ብሉ ስክሪኑ ከቀረ፣ ራሙ ሳይበላሽ በዚያ ፍጥነት መሥራት አቅቶት ነበር ማለት ነው። ይሄ በተለይ አራት ዱላ ራም የሰኩ ሰዎችን፣ ወይም ለየብቻ የተገዙ ሁለት ዓይነት ራሞችን የቀላቀሉ ሰዎችን ይገጥማል። ባዮሱን ማደስም አንዳንዴ ያስተካክለዋል።

ካልቀረ ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጫኑና ከዚያ ቡት አድርጉ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ለመጀመሪያ ይሆናል፣ ግን "ችግር የለም" ሲላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ሜምቴስት86 አራት ዙር ይሄዳል፣ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ ከፍታችሁት ተኙ። የሚፈቀደው ስህተት ዜሮ ነው። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካለ "ትንሽ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ስህተት ከወጣ የትኛው ዱላ እንደሆነ ለዩ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ ከኋላ ዝጉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የቀረውን ኤሌክትሪክ ለማስወጣት ፓወር በተኑን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። የኬዙን ብረት ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ። የራሙን መያዣ ክፈቱ፣ ሁሉንም አውጡ፣ አንዱን ብቻ ማኑዋሉ ለአንድ ራም የሚመክረው ቦታ ላይ ሰኩ፤ አብዛኛው ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ነው። ቀጭ እስኪል ድረስ ሁለቱንም ጫፍ ግፉ። ፈትሹ። ከዚያ ሁለተኛውን ዱላ እዚያው ቦታ ላይ ፈትሹ። አንዱ ወድቆ ሌላው ካለፈ ዱላው ነው። ሁለቱም በአንዱ ቀዳዳ ወድቀው በሌላው ቀዳዳ ካለፉ ግን ራሙን አትጣሉት፤ ችግሩ ቀዳዳው፣ ወይም ፕሮሰሰሩ የተቀመጠበት ሶኬት ነው፣ ምናልባትም ኩለሩ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ከመጠን በላይ ጠብቆ። ሁሉም ነጠላ ነጠላ አልፈው አብረው ሲሆኑ ብቻ ከወደቁ ደግሞ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ።

አንዳንዴ ራሙን አውጥቶ መልሶ መሰካት ብቻውን ችግሩን ያጠፋዋል። እሱም መልስ ነው፤ ነገር ግን ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ዲስክ፣ ፓወር፣ ሙቀት

የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ። "ጉድ" ካለ ጥሩ፣ "ኮሽን" ወይም "ባድ" ካለ ባክአፑን ዛሬውኑ ጨርሱና ዲስኩን ለመቀየር ተዘጋጁ። አንድ መስመር ግን ለብቻው እዩ፦ "ዩዲኤምኤ ሲአርሲ ኤረር ካውንት"። ቁጥሩ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ ብዙ ጊዜ የደከመው ዲስኩ ሳይሆን የሳታ ገመዱ ነው። ገመዱን ቀይሩና ቁጥሩ መቆሙን ተመልከቱ፤ የድሮው ቁጥር አይጠፋም፣ መጨመሩን ካቆመ ይበቃል። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ሲስተም በሚለው ስር ከዲስክ የሚመጡ 7፣ 129 እና 153 ቁጥሮች ካሉም የዲስክ ወይም የግንኙነት ችግር ምልክት ናቸው።

እዚያው "ከርነል ፓወር 41" የሚል ታያላችሁ፣ ብዙ ሰውም ይሄን ይዞ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ "በግቼክ ኮድ" ዜሮ ካልሆነ የጠፋው በብሉ ስክሪን ነው። ዜሮ ከሆነና ኮምፒውተሩ ስክሪን ሳያሳይ እንደ መብራት ድርግም የሚል ከሆነ፣ ያኔ ፓወር ሰፕላዩን፣ ገመዶቹንና ሙቀቱን ማየት ተገቢ ነው። ጌም ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱን ገመዶች እስከ ጥግ መግባታቸውን አረጋግጡ።

ሙቀት ኤችደብሊውኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ይታያል። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ወይም 100 ዲግሪ እንዲደርሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ ሲደርሱም ፍጥነት ይቀንሳሉ እንጂ ወዲያው አይወድቁም። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ጥፋተኛ አያደርግም። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ 80 የሚል ከሆነ ግን ኩለሩ አልተቀመጠም፣ ወይ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቋል፣ ወይ አቧራው ሞልቷል።

ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ላላችሁ ለየት ያለ ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት ችግር በ2024 ተረጋግጧል። ኢንቴል ማስተካከያውን በማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ሶፍትዌር) አውጥቷል፣ እሱም የሚደርሳችሁ በባዮስ አፕዴት ነው። ጌም ሲከፈት "የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም" የሚል የማይመስል መልእክት፣ ፋይል ሲፈታ የሚመጣ ስህተት፣ የሚቀያየር ብሉ ስክሪን ካያችሁ፣ ራሙም ንጹህ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ። አፕዴቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጉዳት ይከላከላል፤ የተጎዳውን አያድንም። ኢንቴል ለነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በሁለት ዓመት ስላራዘመ በራሳችሁ ገንዘብ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ካልተገኘ

አሁን ንጹህ ዊንዶውስ መጫን ትርጉም አለው፣ ግን እንደ ምርመራ። ትርፍ ኤስኤስዲ ካላችሁ የድሮውን ንቀሉና አዲሱ ላይ ጫኑ፤ ፋይላችሁም አይነካም። ከዊንዶውስ አፕዴት የሚመጣው ድራይቨር ብቻ ይጫን፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ። በዚህ ሁኔታ ላይም ብሉ ስክሪን ከመጣ ሶፍትዌሩ ነፃ ወጣ፤ የቀሩት ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ፓወር ሰፕላይና ግራፊክስ ካርድ ናቸው። ፕሮሰሰራችሁ የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጥታችሁ ስክሪኑን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከጓደኛ ፓወር ሰፕላይ መዋስ ከቻላችሁ ደግሞ ሳትገዙ አንዱን ታጣራላችሁ።

ባለሙያ ጋ ከወሰዳችሁት ደብተሩንና የኮዶቹን ፎቶ አብራችሁ ስጡት። "ራሙ ለየብቻ አራት ዙር አልፏል፣ ንጹህ ዊንዶውስ ላይም ይወድቃል" የምትል አንድ መስመር እሱንም ከስንት ሰዓት ሥራ ትገላግለዋለች። ጥፋተኛው ራም ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዋስትናውን እዩ፣ ብዙ አምራቾች ረጅም ዋስትና ይሰጣሉ። ሁለቱ ዱላዎች ባንድ ማሸጊያ የተሸጡ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ደህናውንም ጨምራችሁ እንድትመልሱ ስለሚጠይቁ፣ ከመላካችሁ በፊት የሁለቱንም ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ።